የወንድ የሆርሞን ምርመራ ወረቀት አነባበብ፦ ቴስቶስትሮን፣ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች ጎን ለጎን

ልጅ ሲዘገይ ወይም የወሲብ ፍላጎት ሲቀዘቅዝ ብዙ ወንድ መጀመሪያ የሚያስመረምረው ዋናውን የወንድ ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮንን ነው። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ደግሞ ቀጥሎ የሚጠይቀው የቴስቶስትሮን መርፌ ነው። ልጅ ለሚፈልግ ሰው ይህ አደገኛ አቋራጭ ነው፤ መርፌው የቀረውንም የስፐርም ምርት ሊያቆም ይችላል። ነገሩ እንቆቅልሽ የሚመስለው አንጎልና የዘር ፍሬ እንዴት እንደሚተዛዘዙ ለማያውቅ ሰው ነው። የሆርሞን ቁጥር ብቻውን አይነበብም። አዛዡ (ከአንጎል በኩል የሚመጡት ኤልኤችና ኤፍኤስኤች የተባሉ ሆርሞኖች) ከታዛዡ (ከዘር ፍሬው) ጋር ተያይቶ ነው ትርጉም የሚሰጠው። ከዚህ በታች ያለው ወረቀቱን ይዘው ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ምን እንደሚጠይቁና የሚነገርዎት ነገር ከየት እንደመጣ እንዲያውቁ ነው፤ ራስን በራስ ለማከም አይደለም።

ትእዛዙ የሚሄድበት መንገድ

መነሻው ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ከዚያ ጂኤንአርኤች የተባለ ሆርሞን በየአንድ ሰዓት ተኩሉ እስከ ሁለት ሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተረጨ ይወጣል። በትናንሽ የደም ሥሮች አድርጎ በቀጥታ ከአንጎል ሥር ወዳለው ፒቱታሪ ዕጢ ይወርድና በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ስለዚህ ከክንድ በተቀዳ ደም አይለካም፤ ሥራውን መሥራቱ የሚታወቀው በኤልኤች በኩል ነው።

እየተቋረጠ መርጨቱ ትልቅ ትርጉም አለው። ጂኤንአርኤች ሳይቋረጥ ከተሰጠ ፒቱታሪ መስማት ያቆማል። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጡት ጎሰረሊንና ሊዩፕሮላይድ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው፦ መጀመሪያ ቴስቶስትሮንን ለአጭር ጊዜ ከፍ ያደርጉና ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ታች ያወርዱታል። የዚህን ሆርሞን ምንነት የደረሱበት ሮዤ ጊዬመንና አንድሩ ሻሊ በ1977 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ የሽልማቱ ተካፋይ ሮዛሊን ያሎ ነበረች። እሷ የሠራችበት የመለኪያ ዘዴ ባይኖር ኖሮ በደም ውስጥ ያለን ይህን ያህል ጥቃቅን የሆርሞን መጠን በቁጥር ማወቅ ባልተቻለ ነበር።

ፒቱታሪ ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃል። ኤልኤች የዘር ፍሬ ውስጥ ወዳሉት የላይዲግ ህዋሳት ሄዶ ከኮሌስትሮል ቴስቶስትሮን እንዲሠሩ ያደርጋል፤ በጤናማ ጎልማሳ ይህ በቀን ከ5 እስከ 7 ሚሊግራም ይሆናል። ኤፍኤስኤች ደግሞ ስፐርምን አቅፈው ወደሚያሳድጉት የሰርቶሊ ህዋሳት ይሄዳል። እነዚህ ህዋሳት ከኤፍኤስኤች ሌላ እዚያው አጠገባቸው የተሠራ ብዙ ቴስቶስትሮን ይፈልጋሉ። በዘር ፍሬ ውስጥ ያለው የቴስቶስትሮን ክምችት በደም ውስጥ ካለው ከ50 እስከ 100 እጥፍ ይደርሳል። ይህን ቁጥር ያስታውሱት፤ የመርፌው ችግር የሚፈታው በእሱ ነው።

መልሱ ከታች ወደ ላይ የሚሄደው በሁለት የተለያዩ መንገዶች ነው። ቴስቶስትሮን፣ እንዲሁም ከእሱ አሮማቴዝ በተባለ ኤንዛይም አማካይነት (በተለይ በስብ ውስጥ) የሚሠራው ኢስትሮጅን፣ ኢስትራዲዮል፣ ሃይፖታላመስንና ፒቱታሪን «ይበቃል» ይላሉ። የሰርቶሊ ህዋሳት ደግሞ ኢንሂቢን ቢ የተባለ የራሳቸው ሆርሞን አላቸው፤ እሱ የሚገታው ኤፍኤስኤችን ነው። ልጓሙ ሁለት በመሆኑ አንዱ ሲላላ ሌላው እንደጠበቀ ሊቆይ ይችላል። ኤፍኤስኤች ብቻውን ከፍ ብሎ ቴስቶስትሮንና ኤልኤች ደህና የሚሆኑበት ምክንያት ይህ ነው።

ደም ከመስጠትዎ በፊት

የተሳሳተ ውጤት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ሳይሆን ከአሰጣጡ ነው።

ደሙ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ቁርስ ሳይበሉ ይቀዳ። ቴስቶስትሮን ጠዋት ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ይላል፤ በተለይ በወጣቶች ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ምግብም፣ በተለይ ስኳር፣ ለጊዜው ያወርደዋል። ከሥራ ሲወጡ 11 ሰዓት ላይ የሰጡት ደም «ዝቅተኛ» ቢል ምንም አልተረጋገጠም። ለሊት በጥበቃ፣ በሆስፒታል ወይም በመኪና ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ቆጠራው ከእንቅልፉ ነው፤ በቂ እንቅልፍ ከተኛ በኋላ እንደነቃ ይስጥ።

ወባ፣ ታይፎይድ፣ ሳንባ ምች ወይም ቀዶ ሕክምና በቅርቡ ካለፈብዎት ምርመራውን ካገገሙ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ያቆዩት። ሰውነት ሲታመም ይህን መስመር ለጊዜው ይዘጋዋል።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ጽፈው ይሂዱ። ትራማዶልና ሌሎች ኦፒዮዶች የሃይፖታላመስን ትእዛዝ ያፍናሉ። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም እንዲሁ። ኬቶኮናዞል በአፍ ሲወሰድ የቴስቶስትሮን ሥራን ራሱን ይከለክላል፤ ስፓይሮኖላክቶን ደግሞ ቴስቶስትሮን በህዋስ ላይ እንዳያርፍ ያግደዋል። ሜቶክሎፕራማይድ፣ ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚንና ሪስፔሪዶን ፕሮላክቲን የተባለውን ሌላ የፒቱታሪ ሆርሞን ከፍ ያደርጋሉ። የታዘዘልዎትን ግን ለምርመራ ብለው በራስዎ አያቋርጡ፤ ማሳወቁ ይበቃል።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ለብቻው መነሳት አለበት። በርካታ ማሽኖች ባዮቲንን የመለኪያቸው አካል አድርገው ስለሚጠቀሙ፣ በብዛት የሚወስድ ሰው ደም ውስጥ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ያለአግባብ ዝቅ፣ ቴስቶስትሮን ደግሞ ያለአግባብ ከፍ ብለው ሊነበቡ ይችላሉ። ይህ በድብቅ መርፌ የሚወስድ ሰው ውጤት ቁርጥ ነው፤ ንጹሑን ሰው ያስጠረጥረዋል። ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ያቁሙት፣ ለላብራቶሪውም ይንገሩ።

የሚታዘዘው በአንድ ላይ ጠቅላላ ቴስቶስትሮን፣ ኤልኤች፣ ኤፍኤስኤችና ፕሮላክቲን ቢሆን ይመረጣል። ቴስቶስትሮንን ብቻ አስለክቶ ዝቅ ሲል ሌላውን ለማስለካት ሌላ ቀን መመለስ ገንዘብም ጊዜም ይወስዳል፤ የተለያየ ቀን ቁጥሮችን ማጣመርም ንባቡን ያበላሻል። ጡት ካበጠ ኢስትራዲዮል ይጨመራል። ልጅ ከሚፈለግ ደግሞ የዘር ፈሳሽ ምርመራ የግድ ነው፤ የደም ቁጥሮች ስፐርም መኖሩን አያረጋግጡም። ለዚያ ምርመራ ከ2 እስከ 7 ቀን ከወሲብ ይታቀቡ፣ ናሙናውን ብርድ ሳያገኘው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያድርሱ፣ ኮንዶም ውስጥ አያምጡ፣ በሳሙና ወይም በምራቅ አይጠቀሙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው እትም የታችኛው ወሰን ለመጠን 1.4 ሚሊ ሊትር፣ ለቁጥር በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ ለጠቅላላ ቁጥር 39 ሚሊዮን፣ ለሚንቀሳቀሱት 42 በመቶ ነው።

መለኪያውን አስተካክሎ ማየት

አንዱ ላብራቶሪ በናኖግራም በሚሊ ሊትር፣ ሌላው በናኖግራም በዴሲ ሊትር፣ ሌላው በናኖሞል በሊትር ይጽፋል። 3 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ማለት 300 ናኖግራም በዴሲ ሊትር ነው፤ ይህን ለ28.8 ቢያካፍሉት 10.4 ናኖሞል በሊትር ይሆናል። ውጤቱን ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ላብራቶሪ ውጤት ጋር ከማወዳደርዎ በፊት ይህን ያድርጉ።

የአሜሪካ ዩሮሎጂ ማኅበር 300 ናኖግራም በዴሲ ሊትርን እንደ ወሰን ይወስዳል። በአውሮፓ ከ12 ናኖሞል በላይ በአብዛኛው ደህና፣ ከ8 በታች ዝቅተኛ፣ መካከሉ ከምልክቶች ጋር የሚታይ ነው። የትኛውንም ቢጠቀሙ አንድ ዝቅተኛ ውጤት በቂ አይደለም፤ በሌላ ጠዋት ይደገም። ኤልኤች በብዙ ላብራቶሪዎች ከ1.7 እስከ 8.6፣ ኤፍኤስኤች ከ1.5 እስከ 12.4 ዓለም አቀፍ ዩኒት በሊትር አካባቢ ይጻፋል፤ እንደ ማሽኑ ስለሚለያይ የወረቀትዎን ወሰን ይከተሉ። ኤልኤች በደም ውስጥ ቶሎ የሚጠፋና የሚዋዥቅ ሲሆን ኤፍኤስኤች ለሰዓታት ስለሚቆይ የተረጋጋ ነው። ኤልኤች በትንሹ ከወሰን ቢወጣ አይደንግጡ፤ ኤፍኤስኤች ከወጣ ግን ክብደት ይስጡት።

ቁጥሮቹን ማጣመር

*ቴስቶስትሮን ዝቅ፣ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ከፍ።* ፒቱታሪ እየጮኸ ነው፣ የዘር ፍሬ አልሰማም። ጉዳቱ ከታች ነው። ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ ወደ ዘር ፍሬ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ የተጠማዘዘ ወይም በልጅነት ያልወረደ የዘር ፍሬ፣ የካንሰር መድኃኒት፣ ጨረር ወይም ክላይንፌልተር ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው አንድ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞዞም ይዞ መወለድ ሲሆን ከ600 ወንዶች ገደማ በአንዱ ላይ ይገኛል። ብዙዎቹ የሚያውቁት ልጅ ሲዘገይ ነው። የዘር ፍሬያቸው ጠንካራና በጣም ትንሽ ነው፤ ጤናማ ጎልማሳ ከ15 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ሲኖረው የእነሱ ብዙ ጊዜ ከ5 በታች ነው። የክሮሞዞም ምርመራ ያረጋግጠዋል። መካን ናቸው ተብሎ በር መዝጋት ግን ስህተት ነው፦ በማይክሮስኮፕ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከ40 እስከ 50 በመቶ በሚሆኑት ላይ ስፐርም ይገኛል።

*ቴስቶስትሮን ዝቅ፣ ኤልኤች ዝቅ ወይም «ኖርማል»።* ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ይህ ነው። ወረቀቱ ኤልኤች 3 ብሎ ከጎኑ ምንም ምልክት ባያደርግም፣ ቴስቶስትሮን 180 (ናኖግራም በዴሲ ሊትር) በሆነበት ሰው 3 ደህና አይደለም። ጤነኛ ፒቱታሪ እንዲህ ያለ ጉድለት ሲያይ ኤልኤችን ከወሰኑ በላይ ማውጣት ነበረበት። ዝም ማለቱ ራሱ ምልክቱ ነው፤ ችግሩ ከላይ ነው። ቀጥሎ የሚታየው ፕሮላክቲን ነው። ከፍ ያለ ፕሮላክቲን የጂኤንአርኤችን ርጭት ያዳክማል። በመጠኑ ከፍ ካለ ከመድኃኒት፣ ከታይሮይድ ማነስ ወይም ደም ሲቀዳ ከነበረ ጭንቀት ሊሆን ስለሚችል ተረጋግተው አርፈው ይድገሙት። ከ200 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከበለጠ የፒቱታሪ ዕጢ እብጠት ይጠረጠራል። በምስል ትልቅ እብጠት ታይቶ ፕሮላክቲን ትንሽ ብቻ ከፍ ካለ ላብራቶሪው ደሙን 100 እጥፍ አቅጥኖ እንዲደግመው ይጠየቅ፤ ሆርሞኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ መለኪያው ተጥለቅልቆ አሳንሶ ያነባል። ቴስቶስትሮን ከ150 በታች ወርዶ ኤልኤች ካልጨመረ ፕሮላክቲን ደህና ቢሆን እንኳ የፒቱታሪ ኤምአርአይ ይገባል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሽታ የማይለይና ጉርምስና ያልመጣለት ወጣት ደግሞ የካልማን ሕመም ሊሆን ይችላል፦ ጂኤንአርኤችን የሚያመነጩት ህዋሳት በፅንስ ጊዜ የሚነሱት ከአፍንጫ አካባቢ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ይጎድላሉ። የቡና ሽታ እንኳ አይሸተውም የሚባል ልጅ ጢም ካላወጣ ይህን ያስቡ።

*ኤፍኤስኤች ብቻ ከፍ።* ቴስቶስትሮንና ኤልኤች ደህና ሆነው ኤፍኤስኤች ከወጣ ስፐርም የሚሠራበት ቱቦ ተጎድቶ ኢንሂቢን ቢ ቀንሷል ማለት ነው። ሰውዬው ጢሙም ፍላጎቱም ጉልበቱም ሙሉ ነው፣ ስፐርሙ ግን ትንሽ ወይም ምንም ሊሆን ይችላል። «ወንድነቱ ምንም አልጎደለም» የሚለው የቤተሰብ ክርክር እዚህ አያዋጣም፤ ሁለቱ የተለያዩ ህዋሳት ሥራዎች ናቸው። ስፐርም ጨርሶ ከሌለ ወይም በሚሊ ሊትር ከ5 ሚሊዮን በታች ከሆነ የዘረመል (ጄኔቲክ) ምርመራ ይታሰብ።

*ሁሉም ደህና፣ ስፐርም የለም።* ፋብሪካው ይሠራል፣ መንገዱ ተዘግቷል። ኤፍኤስኤች ከ7.6 በታች ሆኖ የዘር ፍሬው ርዝመት ከ4.6 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ መዘጋት በጣም ያመዝናል። በእኛ አገር ኤፒዲዲሚስን (ከዘር ፍሬው ጋር ተያይዞ ስፐርም የሚያልፍበትን ቱቦ) የያዘ ቲቢ፣ ያልታከመ ጨብጥና ክላሚዲያ፣ እንዲሁም የድሮ የቡአ ቀዶ ሕክምና ሊታሰቡ ይገባል። የፈሳሹ መጠን ከ1.4 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነና አሲዳማ ከሆነ መዘጋቱ ወደ መውጫው የቀረበ ነው፣ ወይም የዘር ቱቦው ሲወለድም አልነበረም። እዚህ የሆርሞን መድኃኒት ምንም አይጠቅምም።

*ቴስቶስትሮን ደህና ወይም ከፍ፣ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ከዜሮ የማይርቁ።* ቴስቶስትሮን ከውጭ ገብቷል፦ መርፌ፣ ጄል ወይም ከጂም የተገኘ «ቫይታሚን»። ባዮቲንን አስቀድመው ያውጡ። ናንድሮሎን ዓይነት ሰው ሠራሽ ስቴሮይድ ሲሆን ግን ቴስቶስትሮንም ጭምር በጣም ዝቅ ብሎ ይነበባል፣ ሰውነቱ ደግሞ ጡንቻው ሞልቶ ይታያል።

ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሰውዬው ደህና ሲሆን

ጠቅላላ ቴስቶስትሮን አብዛኛው ከፕሮቲን ጋር የታሰረ ነው፤ ነፃ ሆኖ የሚዞረው ከ2 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው። አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲን ኤስኤችቢጂ ይባላል። ውፍረት፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳርና የታይሮይድ ማነስ ይህን ፕሮቲን ይቀንሱታል፤ ጠቅላላው ቁጥር ይወርዳል፣ ነፃው ግን ሊበቃ ይችላል። እርጅና፣ የጉበት ሕመም፣ የታይሮይድ መብዛትና ኤችአይቪ ደግሞ ይጨምሩታል፤ ጠቅላላው ደህና መስሎ ነፃው ይጎድላል። ስለዚህ ውጤቱ ከወሰኑ አካባቢ ሲሆን ኤስኤችቢጂና አልቡሚን አስለክቶ ነፃውን በቬርሜውለን ቀመር ማስላት ይሻላል። ብዙ ላብራቶሪ በቀጥታ የሚለካው «ነፃ ቴስቶስትሮን» አስተማማኝ ስላልሆነ በእሱ ላይ ውሳኔ አይስጡ። ወፍራም ሰው ሲከሳ ቁጥሩ ያለ መድኃኒት ሊነሳ ይችላል፤ መጀመሪያ የሚሞከረውም ይህ ነው።

መርፌው ስፐርምን የሚያጠፋው ለምንድን ነው?

ከውጭ የገባው ቴስቶስትሮን ደሙን ይሞላዋል። ሃይፖታላመስና ፒቱታሪ ይህን አይተው ትእዛዝ ያቆማሉ፤ ኤልኤች ሲጠፋ የላይዲግ ህዋሳት ሥራ ያቆማሉ። በደም ውስጥ ያለው ቁጥር አምሮ ሳለ በዘር ፍሬ ውስጥ ያለው ከ50 እስከ 100 እጥፍ ክምችት ይደርቃል። በመርፌ የሚሰጠው መጠን ያን ያህል ክምችት በፍጹም ሊፈጥር አይችልም። ኤፍኤስኤችም አብሮ ስለጠፋ የሰርቶሊ ህዋሳት ሁለቱንም ያጣሉ፣ የዘር ፍሬውም ይሟሽሻል። ይህ ግምት አይደለም፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ይፋ በሆነ ጥናት በሳምንት 200 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን ኢናንቴትን ለወንዶች የወሊድ መከላከያ እንዲሆን ሞክሮት፣ አብዛኞቹ ጤናማ ወንዶች በወራት ውስጥ ስፐርማቸው ጨርሶ ጠፍቷል።

ካቆሙ በኋላ መመለሱ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ስፐርም ተሠርቶ ለመጠናቀቅ 74 ቀን ገደማ፣ በኤፒዲዲሚስ ለማለፍ ደግሞ ወደ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ ከዚህም በፊት ፒቱታሪ መንቃት አለበት። በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ከተካፈሉት ጤናማ ወንዶች በ6 ወር ሁለት ሦስተኛው፣ በ12 ወር ከ10ሩ 9ኙ በሚሊ ሊትር 20 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ የቀሩት እስከ 24 ወር ፈጅቶባቸዋል። በጂም ለዓመታት የተለያየ ስቴሮይድ ሲደራርብ የቆየ ሰው ከዚህ ሊዘገይ ይችላል። ሲያቆሙ ለወራት ድካም፣ ድብርትና የፍላጎት መጥፋት ይመጣል፤ ብዙዎች ወደ መርፌው የሚመለሱት በዚህ ጊዜ ስለሆነ ማቆሙ በሐኪም ክትትል ይሁን። የዘር ፈሳሹን በየሦስት ወሩ ማየት ይበቃል፣ በየሁለት ሳምንቱ ማስቆጠር ገንዘብ ማባከን ነው።

ሕክምናው ከየትኛው ንድፍ ጋር ይሄዳል

ችግሩ ከላይ ሲሆንና ልጅ ሲፈለግ የጎደለውን ትእዛዝ መተካት ይቻላል። ኤችሲጂ የተባለው መርፌ በኤልኤች መቀበያ ላይ ያርፋል፤ ብዙ ጊዜ ከ1500 እስከ 2500 ዩኒት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ከ3 እስከ 6 ወር ቆይቶ ስፐርም ካልታየ ከ75 እስከ 150 ዩኒት ኤፍኤስኤች በሳምንት ሦስት ጊዜ ይጨመራል። ዱቄቱ ከተበጠበጠ በኋላ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ መብራት በሚቋረጥበት ቤት ይህ አስቀድሞ ይታሰብበት። ክሎሚፌን ደግሞ ኢስትሮጅን «ይበቃል» የሚልበትን ቦታ በሃይፖታላመስና በፒቱታሪ ስለሚይዝ ኤልኤችና ኤፍኤስኤችን ያስነሳል፤ ከ25 ሚሊግራም በቀን ይጀመራል። ኤልኤቻቸው አስቀድሞ ከፍ ያለ ሰዎች ግን ከዚህ የሚያገኙት ጥቅም ትንሽ ነው፤ የሚጮኸውን ይበልጥ ማስጮህ የማይሰማውን አያሰማም። ምክንያቱ ፕሮላክቲን ከሆነ ካበርጎሊን ወይም ብሮሞክሪፕቲን እብጠቱን ራሱን ያሳንሳል፣ መስመሩም ራሱ ይከፈታል።

ቴስቶስትሮን ራሱ ተገቢ የሚሆነው ጉድለቱ በሁለት ጠዋት ተረጋግጦ፣ ምልክትም ኖሮ፣ ሰውዬው በቅርቡ ልጅ የማይፈልግ ሲሆን ነው። በሕክምናው ላይ ሳለ ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ ያለው የቀይ ደም ህዋሳት ድርሻ) ይለካል፤ ከ54 በመቶ ካለፈ ደሙ ስለወፈረ መድኃኒቱ ይቆማል ወይም ይቀነሳል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ የሚኖር ሰው ሄማቶክሪቱ ከመጀመሪያውም ከፍ ሊል ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት ያለውን ቁጥር መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ መታየት ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ ከራስ ምታት ጋር የጎን እይታ መጥበብ፣ በዘር ፍሬ ላይ የማያም ጠንካራ እብጠት፣ እና ድንገተኛ ከባድ የዘር ፍሬ ሕመም። የመጨረሻው መጠማዘዝ ከሆነ ፍሬውን ለማዳን ያለው ጊዜ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ወደ ላብራቶሪ ሳይሆን በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ።